ማኅተሟ ያችው፣ እጁ ሌላ፦ ባለቤት የቀየረው የሐዋሳ ክራር ቤት

ሐዋሳ ውስጥ ክራር የሚገዛ ሰው ከድምፁ በፊት የሚያየው የቀንበሩን፣ ክሮቹ ከላይ የሚታሰሩበትን አግዳሚ እንጨት፣ ግራ ጫፍ ነው። በጋለ ብረት የተተኮሰችው ትንሿ ማኅተም ካለች ስለ ዋጋ ብዙ አይከራከርም፤ ከሌለች ክርክሩ ይረዝማል። ማኅተሟ ዛሬም ትተኮሳለች። ቤቱም ከቅዱስ ገብርኤል ወደ ፍቅር ሐይቅ ከሚወርደው መንገድ ገባ ብሎ እዚያው ነው። የተለወጠው እጁ ነው። የቀድሞው ባለሙያ ዐይናቸው ሲደክም ቤቱን፣ መሮና መጥረቢያውን፣ ተቆልሎ የደረቀውን ዋንዛ፣ በመጨረሻም ማኅተሟን ለአንድ ማሲንቆ ሠሪ አስረክበዋል። ከዚያ ወዲህ ክራር ተጫዋቾች በተገናኙ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ ያው ነው፦ ማሲንቆ ሠሪ ክራር ይሆንለታል?

ይሆንለታል፤ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። ለዚህ ግምገማ ከአዲሱ እጅ የወጡ አራት ክራሮች ከቀድሞው እጅ ሁለት ጋር ጎን ለጎን ታይተዋል። ከአራቱ ሁለቱ ተራ ባለ ስድስት ክር የዋንዛ ናቸው፤ አንዱ ፒክአፕ (ድምፁን ወደ ማጉያ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) የተገጠመለት የዋንዛ ነው፤ አራተኛው ገበቴው፣ ማለትም ቆዳ የሚወጠርበት ጎድጓዳው አካል፣ የብረት ሳህን ነው።

ከቆዳው እንጀምር፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። ማሲንቆ ጠባብ ሳጥን ላይ የተወጠረ ቆዳ ነው። ክሩን ደግፎ የሚይዘው በርኩማ ቆዳው ላይ ይቆማል፤ ክሩም አንድ ብቻ ስለሆነ የቆዳውን ጉድለት የሚሸፍን ሌላ ድምፅ የለም። በዚህ ሥራ ያደገ ሰው ቆዳ መምረጥን ሳይወድ በግዱ ይማራል።

የፍየል ቆዳ በየቦታው አንድ ዓይነት አይደለም። በአከርካሪው መስመር ወፈርና ጠንከር ይላል፤ ወደ ሆዱ ሲሄድ ይሳሳል፣ ይለጠጣልም። ስለዚህ ክብ ገበቴ ላይ ሲወጠር የአከርካሪው መስመር መሐል ለመሐል፣ ከቀንበሩ በኩል ወደ ታች መውረድ አለበት። ያኔ ግራና ቀኙ እኩል ይለጠጣል። መስመሩ ወደ ጎን ከሸሸ አንደኛው ወገን ቀድሞ ይላላል፤ በርኩማውም ወደዚያው ይንጋደዳል። ከቀድሞዎቹ ሁለት ክራሮች አንዱ ላይ መስመሩ መሐል ነው፤ ሌላው ላይ ወደ ቀኝ ሸሽቷል። በአዲሶቹ ሦስት የዋንዛ ክራሮች ላይ ግን ጠቆር ያለችው መስመር ቀጥ ብላ በበርኩማው ሥር ታልፋለች። ሦስት ጊዜ በአጋጣሚ አይገጥምም።

አወጣጠሩም ተለውጧል። ቆዳው በኖራ ውኃ ተዘፍዝፎ ፀጉሩ ከተፋቀ በኋላ ኖራው ተጠርጎ እስኪወጣ ይታጠባል፤ ኖራ የቀረበት ቆዳ ውሎ አድሮ ይሰባበራል። ከዚያ እርጥቡን ገበቴው አፍ ላይ አልብሶ ከጀርባ በጠፍር ማሰር ነው። የጀማሪ ስሕተት እዚህ ላይ ይመጣል፦ እርጥቡን ቆዳ ባለ በሌለ ጉልበት መሳብ። ቆዳ ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰባል። እርጥብ ሳለ እስከ መጨረሻው የተሳበ ከሆነ ሲደርቅ ወይ ጠፍሩ የገባበትን ቀዳዳ ይቀደዋል፣ ወይ የገበቴውን ከንፈር ያጎብጠዋል። አዲሱ ሠሪ መጀመሪያ በመጠኑ ያስራል፤ በማግስቱ ጠፍሩን አንድ ዙር ያጠብቃል፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ 4 ቀን ይተወዋል። የቀድሞው ባለሙያ ፀሐይ ላይ በአንድ ቀን ያደርቁ ነበር። ፀሐይ የቆዳውን ላይ ቀድማ ታደርቀዋለች፣ ውስጡ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከዚያ የሚመጣው ውጥረት አንዱ ጋ ጠበቅ አንዱ ጋ ላላ ያለ ነው።

ይህን ሱቁ ውስጥ ቆሞ መፈተን ይቻላል። ክሮቹን በመዳፍ አፍኖ፣ ከጠርዙ 3 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ዙሪያውን 8 ቦታ በጣት ጫፍ መታ መታ ማድረግ ነው። ድምፁ በየቦታው ከተቀራረበ ውጥረቱ እኩል ነው። በዋንዛዎቹ ላይ ልዩነቱ በጆሮ የሚያዝ አይደለም። የብረት ሳህኑ ላይ ግን አንደኛው ወገን «ዱብ» ሲል ሌላው «ጣ» ይላል፤ ወደዚህ ክራር እንመለስበታለን።

በርኩማው ላይ ግን የማሲንቆ ልማዱ ጎድቶታል። የገበቴው አፍ 28 ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ በርኩማው ደግሞ ቁመቱ 13 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ለዚህ ስፋት 20 ሚሊሜትር ይገባል። በርኩማ ዝቅ ሲል ክሩ በላዩ ሲያልፍ የሚታጠፍበት ማዕዘን ይጠባል፤ ማዕዘኑ ሲጠብ ክሩ ቆዳውን የሚጫንበት ኃይል ይቀንሳል፤ ድርድር (ክሩን በጣት እየነጠሉ) ሲጫወቱ ድምፁ ይሳሳል፣ ግርፍ (ክሮቹን አንድ ላይ እየገረፉ) ላይ ደግሞ ክሩ ከበርኩማው ሊንሸራተት ይዳዳዋል። ዝናብ ሲመጣ ይብሳል። ቆዳው እርጥበት ስቦ ሲረግብ በርኩማው አብሮ ይሰምጣል፣ ወፍራሞቹ ክሮች ቆዳውን መንካት ይጀምራሉ። በገና ላይ እንዝራ (በክሩና በበርኩማው መሐል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ሆነ ተብሎ የሚያመጣው ያ ነዛሪ ድምፅ ያምራል፤ ክራር ላይ ግን ጉድለት ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ከወይራ የተሠራ፣ እግሩ ከቆዳው ጋር ገጥሞ የሚቀመጥ ባለ 20 ሚሊሜትር በርኩማ። ሲጠየቅ ይሠራል። ሳይጠየቅ ግን ያችኑ አጭሯን ይሰጣል፣ ይህ ደግሞ ማኅተሟ ላለችበት ክራር አይመጥንም።

ስለ ዝናቡ ካነሣን፣ ሐዋሳ ለክራር ቆዳ ቀላል ከተማ አይደለችም። ሐይቁ አጠገቧ ነው፤ ዝናቡም በክረምት ብቻ አይወሰንም፣ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ይመላለሳል። ጠዋት የተቃኘ ክራር ዝናብ ካባራ በኋላ ወርዶ ቢገኝ ሠሪውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ከሰል ምድጃ አጠገብ አምጥቶ ማሞቅ ግን ቆዳውን መቅደድ ነው፤ ሙቀቱ አንዱን ወገን ብቻ ስለሚሰበስበው ጠፍሩ በገባበት በኩል ይተረተራል። ክራሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ውኃ ከማይደርስበት ግድግዳ ላይ መስቀል፣ ከመጫወት በፊትም ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይበቃል። ወደ አዳማ ይዞ የሚሄድ ሰው ተቃራኒውን ይጠብቅ፦ የበጋው ደረቅ ነፋስ ቆዳውን ይወጥረዋል፣ ቅኝቱም ይወጣል። እዚያ ሲደርሱ መጀመሪያ ክሩን ማላላት፣ ከዚያ መቃኘት።

እንጨቱ ላይ ብዙ የሚባል የለም፤ የቀድሞው ባለሙያ ትተውት የሄዱት ዋንዛ ነውና። ደርቋል፣ አይሰነጠቅም፤ የገበቴው ግድግዳ 9 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ተፈልፍሏል፤ በመሮ የተጠረበው ውስጡ እንኳ ተስተካክሏል። ጥያቄው ያ ክምር ሲያልቅ ነው። እርጥብ ዋንዛ ተፈልፍሎ ቆዳ ከለበሰ እንጨቱ ሲደርቅ ክቡ ይጠማል፣ ቆዳው ያላግባብ ይላላል፣ የገበቴው ዳርም በእንጨቱ ጭረት አቅጣጫ ይተረተራል። ወደፊት የሚገዛ ሰው ሁለት ገበቴ በሁለት እጁ ይዞ ያመዛዝን፤ መጠናቸው እኩል ሆኖ አንዱ በግልጽ ከከበደ ያ እንጨት ገና ውኃ አለበት።

መቃኛው የዚህ ቤት ትልቁ ለውጥ ነው። የቀድሞው ባለሙያ ክሩን በቀንበሩ ላይ ከጨርቅ ጥምጥም ጋር ይጠመጥሙት ነበር። ቀንበሩ አይበሳም፣ አይደክምም፤ ግን አንድ ክር ለመቃኘት ጥምጥሙን በጣት እየገፉ ማዞር ያስፈልጋል፤ መድረክ ላይ ቅኝት ለሚቀይር ሰው ስቃይ ነው። አዲሱ ሠሪ ማሲንቆ ላይ የለመደውን አመጣ፦ ቀንበሩን በስቶ እየቀጠነ የሚሄድ የወይራ መቃኛ አስገባ። ስድስት ቀዳዳ የሚሸከም ቀንበር ስላስፈለገው ውፍረቱን ከ24 ወደ 30 ሚሊሜትር አሳደገው። ክራሩ ወደ ላይ ከበድ ብሏል፤ ቁጭ ብሎ ለሚጫወት አይሰማም፣ ቆሞ ለሚጫወት ግን የአንገት ማንጠልጠያው በቀንበሩ በኩል መታሰር አለበት።

ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ጉድለቱ ቀዳዳው ላይ ነው። መቃኛው እየቀጠነ የሚሄድ ሆኖ ቀዳዳው ቀጥ ባለ መሰርሰሪያ ከተበሳ ሁለቱ የሚገናኙት በአንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ የቀረው አየር ላይ ነው። ማሲንቆ ላይ አንድ ትልቅ መቃኛ ስለሆነ ጉልበት ጉድለቱን ይሸፍናል። እዚህ ግን ስድስት ትንንሽ መቃኛዎች ናቸው። በሦስቱ የዋንዛ ክራሮች ላይ ካሉት 18 መቃኛዎች 5ቱ ተንሸራተዋል። አፈታተሹ ይኸውና፦ መቃኛውን ጥቂት ዙር አዙሮ ነቅሎ ማየት። ቀዳዳው በሚገባበትም በሚወጣበትም በኩል የሚያብረቀርቅ ቀለበት ካለ ገጥሟል፤ ቀለበቱ አንድ ብቻ ከሆነ አልገጠመም፣ እዚያው ይመለስለት። የገጠመ መቃኛ እንኳ በክረምት አብጦ ይጣበቃል፣ በበጋ ሟሾ ይሸሻል። ለሚሸሸው ጠመኔ፣ ለሚጣበቀው ደረቅ ሳሙና፤ እንደ ችግሩ አንዱን በስሱ ቀብቶ ሦስት አራት ጊዜ ማዞር። ዘይት ወይም ቅባት በምንም ዓይነት አይነካው፤ እንጨቱ ከጠጣው በኋላ መቃኛው አይያዝም።

መቃኛን በደንብ የሚያጋልጠው ቅኝት መቀያየር ነው። በሙሉው ትዝታ (ዶ ሬ ሚ ሶል ላ) ይጀመር። ወደ ባቲ (ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ) ሲኬድ ሁለተኛውና አምስተኛው አንድ አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ሦስተኛው ግማሽ ድምፅ ይወጣሉ። ክር ወደ ላይ ሲሳብ ያልገጠመ መቃኛ ወዲያው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከ5ቱ 4ቱ የተያዙት እዚህ ነው። ከባቲ ወደ አምባሰል ደግሞ ሁለተኛውና አምስተኛው ሦስት ሦስት ግማሽ ድምፅ ይወርዳሉ። እዚህ ላይ ችግሩ ሌላ ነው፦ ክሩ በርኩማው ላይ ካለችው ጭረት ይጣበቅና አንድ ጊዜ ዘልሎ ይወርዳል፤ ሰው መቃኛውን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የበርኩማው ነው። ጭረቷ ውስጥ የእርሳስ ጥቁረት ማሸት ይበቃል። ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሲኬድ አራተኛው ግማሽ ወርዶ አምስተኛው ግማሽ ይወጣል፤ እዚያ አዲስ ችግር አልታየም።

ክር። ቤቱ የሚጠቀመው ናይለን ነው፣ ያውም ዓሣ አጥማጆች ሐይቁ ላይ የሚጠቀሙበት ዓይነት። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ጅማት ከቀረ በኋላ ናይለን የክራር የዘወትር ክር ሆኗል። ግን ስድስቱንም ከአንድ ጥቅል ቆርጦ መግጠም የቆየ ስንፍና ነው፤ አዲሱ ሠሪም አልተወውም። ክሩ ከቀንበሩ እስከ በርኩማው 50 ሴንቲሜትር ሆኖ ዝቅተኛው 220፣ ኦክታቩ 440 ኸርዝ ላይ ሲቃኝ፣ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ 0.80፣ 0.70፣ 0.60፣ 0.55፣ 0.50 እና 0.40 ሚሊሜትር ብናደርግ የስድስቱ ውጥረት ይቀራረባል፤ ተደምሮም 17 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ሁሉም 0.60 ከሆኑ ወፍራም መሆን የነበረበት ይላላል፣ ቀጭን መሆን የነበረበት ይከራል፤ ጣት አንዱ ላይ እየሰመጠች ሌላው ላይ ትነጥራለች። መጠኑ ጥቅሉ ላይ ስለሚጻፍ የዓሣ ማጥመጃ ከሚሸጥበት ሱቅ ራስ ገዝቶ መምጣት ይሻላል። የብረት ክር የሚፈልግ ግን አስቀድሞ ይናገር፤ ጭነቱ ከእጥፍ ይበልጣል፤ ለናይለን የተወጠረው ቆዳና ይህ አጭር በርኩማ አይችሉትም።

ፒክአፑን ለጊዜው መተው ነው። 27 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ክብ ፒዬዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይር ስስ ሰሌዳ) በትኩስ ሙጫ ቆዳው ሥር መሐል ላይ ተለጥፋለች። መሐሉ ቆዳው በብዛት የሚርገበገብበት ቦታ ስለሆነ ሙጫውና ብረቱ ያለ ድምፅ ማጉያም ክራሩን ያፍኑታል፤ ከጎኑ ካለው ተራ ክራር ጋር ሲነጻጸር ወዲያው ይታወቃል። ገመዱም ቀጥታ ሚክሰር ውስጥ ሲሰካ ድምፁ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል፤ ፒዬዞ 1 ሜጋኦም ገደማ መግቢያ ያለው ፕሪአምፕ (ከሚክሰሩ በፊት ድምፁን የሚያጎላ መሣሪያ) ይፈልጋል፣ እርሱ ደግሞ አብሮ አይሸጥም። ባህል ቤት ውስጥ የሚጫወት ሰው ተራውን ገዝቶ ፒዬዞዋን በበርኩማው እግር ሥር በስሱ ቢያስገጥም ይሻለዋል፤ ፉጨቱም ይቀንሳል። ባለ ፒክአፑ ከተራው አንድ ተኩል እጥፍ መጠየቁ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በኋላ ትንሽ ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ብረት ሳህኑ። ሳህን ገበቴ ያደረገ ክራር በራሱ ነውር አይደለም፤ ርካሽ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ለጀማሪ ይሆናል፣ ድምፁም ሹል ስለሆነ የሚወደው አለ። ነገር ግን ቆዳው በጥድፊያ የተወጠረ ነው፣ የአከርካሪው መስመር የት እንዳለ እንኳ አይታይም፤ በቀንበሩ ግራ ጫፍ ላይ ግን ያችው ማኅተም አለች። ስም የተረከበ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ነው።

በዚህ ረገድ ከባንጆ ሠሪዎች የሚቀሰም ነገር አለ። ባንጆ ሥሩ ወደ አሜሪካ በባርነት ከተጋዙ አፍሪካውያን መሣሪያዎች የሚመዘዝ፣ እንደ ክራር ቆዳ የሚወጠርበት መሣሪያ ነው፤ ዛሬ ቆዳው አብዛኛው ላይ በፕላስቲክ ተተክቷል እንጂ። ቬጋ የቦስተን መሣሪያ ሠሪ ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ባንጆ ሠሪውን ፌርባንክስን ገዛ። በ1970 ራሱ በጊታር ሠሪው ማርቲን ተገዛ። በ1989 ደግሞ በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው ባንጆ ሠሪ ዲሪንግ ስሙን ተረከበ። ዲሪንግ ለጀማሪ የሚሆን ርካሽ ባንጆም ይሠራል፤ ያን ግን ቬጋ ብሎ አይሸጠውም፣ ጉድታይም የሚል የራሱ ስም አለው። ገዢው ስሙን አይቶ የትኛው ሥራ እንደሆነ ያውቃል። የሐዋሳው ሠሪ ለሳህኑ ክራር ሌላ ምልክት ቢያወጣለት፣ ወይም ምንም ባይተኩስበት፣ የሚያጣው ጥቂት ብር ነው።

ትእዛዝ ላይ ግማሽ ቀብድ ይቀበላል፤ 3 ሳምንት ይላል፣ ዝናብ ከበዛ ቆዳው ስለማይደርቅለት 4 ይሆናል፤ መጣደፍ የለበትም። ሲያዙ በርኩማው 20 ሚሊሜትር እንዲሆን፣ ክሮቹ ባመጣችሁት መጠን እንዲገጠሙ፣ መቃኛዎቹ እፊታችሁ ተነቅለው እንዲታዩ ተነጋገሩ። ወደ ሌላ ከተማ በመኪና የሚላክ ከሆነ ክሮቹ በአንድ ሙሉ ድምፅ ይውረዱ፤ በርኩማው ግን ከቦታው እንዳይንሸራተት ጨርሰው አይላሉ። የቆዳ መቀየር ሥራም ይቀበላል፤ የቀድሞው ባለሙያ ክራር ቆዳው ያረጀባችሁ ካላችሁ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የተሻለ እጅ ሐዋሳ ውስጥ አልታየም።

አንድ ነገር ይቀራል። የቀድሞው ባለሙያ ቆዳውን ከማልበሳቸው በፊት ገበቴው ውስጥ ቀኑን በእርሳስ ይጽፉ ነበር። በቆዳው ላይ በጋለ ብረት በተበሱት ቀዳዳዎች በስልክ መብራት ቢታይ እስከ ዛሬ ይነበባል። ያለ ቀን የሚሸጥ ባለ ማኅተም ክራር የማን እጅ እንደሆነ፣ ቆዳውም ስንት ክረምት እንዳየ አይታወቅም። አዲሱ ሠሪ አይጽፍም። ጋሼ ይጽፉ ነበር ብሎ ለጠየቀው ግን እርሳሱን አንሥቶ ይጽፋል፤ መጠየቅ ያለበት ቆዳው ሳይለብስ ነው።